«ለማን ደወለ?» ጥያቄ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም

ባለፈው ሴሚስተር የወንጀል ዘገባ የተማርን ዕለት ክላሳችን እንደዚያ ቀን ሞቆ አያውቅም። ኢንስትራክተራችን አንድ የእንግሊዝ አገር የግድያ ጉዳይ አመጡና ታሪኩን ግማሽ ላይ አቁመው «እናንተ ምን ትላላችሁ?» አሉን። አንድ ወጣት በሌሊት አባቱ ደውሎ ቤት ውስጥ አደጋ እንዳለ ነገረኝ ይላል። ታዲያ ይህ ሰው እንግሊዝ አገር ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀውን 999 የተባለ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር ትቶ፣ የአንድ ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ቁጥር ፈላልጎ ወደዚያ ደወለ። ይህን እንደሰማን ክላሱ በአንድ አፍ «በቃ ገዳዩ እሱ ነው!» አለ። እኔም ብያለሁ። እንዲያውም እጃቸውን ቀድመው ካወጡት መካከል ነበርኩ።

ማታ ዶርም ገብቼ ጋደም ስል ግን አንድ ሰው ትዝ አለኝና እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰውየው እንግሊዛዊ አይደለም፤ ጨፋ ላይ ያለ የወላጆቼ ጎረቤት ነው። ስለሱ ወደኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ክላስ ውስጥ ግማሹን ብቻ የሰማነውን ጉዳይ ልጨርሰው፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

ጉዳዩ የጄረሚ ባምበር ጉዳይ ይባላል። ነሐሴ 1 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1985) ሊነጋጋ ሲል፣ ኤሴክስ በተባለው የእንግሊዝ ክፍል በሚገኝ ዋይት ሃውስ ፋርም የሚባል የእርሻ ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች በጥይት ተገድለው ተገኙ። ሟቾቹ የባምበር አሳዳጊ እናትና አባት፣ እንደሱው በጉዲፈቻ ያደገች እህቱ ሺላ፣ እንዲሁም የሺላ የ6 ዓመት መንታ ወንዶች ልጆች ነበሩ። ባምበር ያኔ 24 ዓመቱ ነው፤ የሚኖረውም ከእርሻው 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለብቻው ነበር።

በዚያ ሌሊት፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ፣ ባምበር ለቼልምስፎርድ ፖሊስ ጣቢያ ደወለ። የተናገረውም አባቱ ደውሎ እህቱ እንዳበደችና ጠመንጃ እንደያዘች፣ ቶሎ እንዲመጣም እንደነገረውና ወዲያው ስልኩ እንደተቋረጠ ነው። ፖሊሶች ወደ እርሻው ሲበሩ እሱ በመኪናው ቀስ እያለ ሲሄድ መንገድ ላይ ደርሰውበት ቀድመውት አለፉ። ከዚያ የታጠቀ ኃይል ሲጠበቅ ነጋ፤ ቤቱ የተከፈተው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ45 ገደማ ነበር።

በኋላ ፖሊስ የጠየቀው ጥያቄ እኛ ክላስ ውስጥ የጮህንበት ነው። ለምን 999 አልደወልክም? መልሱ «ቶሎ ለመድረሳቸው ልዩነት ያመጣል ብዬ አላሰብኩም» የሚል ይዘት ነበረው። ቁጥር በመፈለግ ጊዜ ማጥፋቱንም፣ ለእርሻው ሠራተኞች መደወል ይችል እንደነበርና ያኔ ግን እንዳላሰበው አምኗል። ሌላም አለ። በመጀመሪያ ቃሉ ቀድሜ የደወልኩት ለፖሊስ ነው ብሎ ነበር፤ በኋላ ደግሞ ቀድሜ የደወልኩት ለንደን ላለችው የሴት ጓደኛዬ ነው አለ። ሲጠየቅ ቅደም ተከተሉ ተምታቶብኛል አለ።

እውነቱን እንነጋገር፤ ይህ ያስጠረጥራል። አባትህ «ድረስልኝ» ብሎህ ስልኩ ሲቋረጥ፣ አንተ ቁጥር ትፈልጋለህ፣ ለፍቅረኛህ ትደውላለህ፣ ከዚያ በቀስታ ትነዳለህ? ይህን ያልጠየቀ መርማሪ ሥራውን አልሠራም። ይህን ያልጠየቀ ጋዜጠኛም እንደዚያው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በመጀመሪያው ወር ፖሊስ ይህንኑ ጥሪ ሰምቶ ምን አለ? አመነው! ሺላ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝታ የታከመች ስለነበረች፣ «ሁሉንም ገድላ ራሷን ገደለች» ተብሎ ተያዘ። ጥርጣሬ ያደረባቸው የበታች መርማሪዎች ቢኖሩም የሚሰማቸው አልነበረም። ደም የነካው ምንጣፍና አልጋ ልብስ እንኳ ተቃጠለ። ያን ጊዜ የባምበር የስልክ ጥሪ የተጨነቀ ልጅ ጥሪ ነበር። ከወር በኋላ የሴት ጓደኛው ፖሊስ ዘንድ ቀርባ ስለ ግድያው አስቀድሞ ያወራኝ ነበር ስትል፣ ያው ጥሪ የተንኮለኛ ገዳይ ጥሪ ሆነ። የደወለበት ቁጥር አልተቀየረም፤ የተቀየረው የሰሚው ጆሮ ነው። አንድ ነገር እንደ ሰሚው ስሜት ዛሬ የንጽሕና፣ ነገ የወንጀል ምልክት የሚሆን ከሆነ ለብቻው ምኑን ማስረጃ ሆነው?

ፍርድ ቤትም ቢሆን ሰውየውን 999 ስላልደወለ ብቻ አልፈረደበትም። ዘመዶቹ ከግድያው ጥቂት ቀናት በኋላ ከእርሻ ቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ አግኝተው ለፖሊስ ሰጥተዋል። ዐቃቤ ሕግ በማፈኛው ውስጥ የሺላ ደም አለ፣ ማፈኛው ከተገጠመ ደግሞ ጠመንጃው ስለሚረዝም ሺላ ራሷን ልትመታበት አትችልም፣ ብትችልም ሞታ መልሳ ቁም ሳጥን ውስጥ አታስቀምጠውም ብሎ ተከራከረ። የሴት ጓደኛው ምስክርነት ነበር። ዳኛውም ለጁሪው ስለ ስልኩ ሲናገሩ ክብደት የሰጡት 999 ተደወለ አልተደወለ ለሚለው ሳይሆን፣ አባትየው በእርግጥ ለልጁ ደውሏል ወይ ለሚለው ነው። ያ ጥሪ ካልነበረ ባምበር ሊፈጥረው የሚችልበት ምክንያት ጥፋተኝነቱ ብቻ ነው የሚል ነበር ሐሳባቸው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1986 ጁሪው 10 ለ 2 በሆነ ድምፅ ጥፋተኛ አለው፤ የዕድሜ ልክ እስራትም ተፈረደበት። ይግባኙ በ1989ም በ2002ም ውድቅ ሆኗል። እሱ ግን ንጹሕ ነኝ ማለቱን አልተወም፤ ኒው ዮርከር መጽሔትም እ.ኤ.አ. በ2024 ረጅም የምርመራ ዘገባ ሠርቶ በፍርዱ ላይ ጥያቄ አንስቷል። እኔ ሰውየው ገዳይ ነው ወይም አይደለም ለማለት አልተነሣሁም። የኔ ጉዳይ ከጥሪው ነው።

ከዚህ ጉዳይ ውስጥ በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። ስልኩን ያነሣው ፖሊስ ሰዓቱን 9 ሰዓት ከ36 ብሎ ጻፈ። እሱ ያስተላለፈውን መልእክት የተቀበለው ሌላ ሠራተኛ ግን 9 ሰዓት ከ26 ብሎ መዝግቧል። በኋላ የመጀመሪያው ሰዓት በስሕተት የተነበበ ነው ተብሎ 9፡26 ተወሰደ። እንግዲህ አስቡት። ሥራው መመዝገብ የሆነ፣ ማንም ያልሞተበት ፖሊስ ሰዓት በ10 ደቂቃ ሊሳሳት ከቻለ፣ ቤተሰቡ እየሞተ ነው የተባለ ሰው ለማን ቀድሞ እንደደወለ ቢምታታበት ወዲያው «ውሸታም» ማለት ይቻላል? ሊዋሽም ይችላል፤ ሊምታታበትም ይችላል። የሚለየው ሌላ ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ ጨፋ ልውሰዳችሁ፤ ክላስ ውስጥ ያልተናገርኩት ይህንን ነው።

የጨፋን ሸለቆ የማያውቅ ካለ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲሄዱ ሰንበቴን አልፎ ከሚሴ አካባቢ በግራና በቀኝ የሚዘረጋው አረንጓዴ ሜዳ ነው። ቦርከና ወንዝ ያጠጣዋል። በበጋ ሣር ፍለጋ ከሩቅ ከብትና ግመል እየተነዳ ይወርድበታል፤ ነዋሪው ደግሞ ቦይ ጠልፎ ሽንኩርትና በቆሎ ያለማል። ሣሩና ውሃው ለብዙ ሰው ስለሚፈለግ ጠብም አይጠፋም። እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ጎረቤታችን የውሃ ተራው ደርሶት ገና ሳይነጋ ወደ ማሳው ሲወርድ ቦዩ ዳር አንድ ሰው ሞቶ አገኘ። ሰውየው ተደብድቦ ነው የሞተው፤ ከማዶ ሰፈር ነው።

ጎረቤታችን በእጁ ስልክ ነበረው። ለፖሊስ አልደወለም። የደወለው ለአንድ አበጋር ነው። አበጋር ማለት እኛ አገር ደም ያቃባቸውን ወገኖች የሚያስታርቅ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚሰማው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው «ምንም እንዳትነካ፣ ካለህበት እንዳትነቃነቅ» ብለው ሰው ወደ ቀበሌ ሚሊሻ ላኩ፤ ሚሊሻው ለፖሊስ ነገረ። ፖሊስ ሲደርስ ረፍዷል። የመጀመሪያው ጥያቄ ያው የምናውቀው ነበር። «ስልክ ይዘህ ለምን ለኛ አልደወልክም?»

«ቁጥራችሁን መች አውቄ!» አለ።

ጥያቄው ትክክል ነበር፤ መልሱም እውነት ነበር። ቢሆንም ጎረቤታችን ለጥቂት ቀናት ታስሮ ተጠየቀ፤ ኋላም የሚያስከስስ ነገር አልተገኘበትምና ተለቀቀ። በግድያው የተጠረጠረ ሌላ ሰው ቆይቶ ተያዘ። ታዲያ ምን ዋጋ አለው? ገበያው ቀድሞ ፈርዶ ነበር። «ንጹሕ ቢሆን ለፖሊስ ይደውል ነበር» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሰው አፍ አልጠፋ አለች። ሰውየው ገበያ መውጣት ተወ፤ ሽንኩርቱን ሚስቱ ናት ይዛ የምትወጣው። ትምህርት ቤት ውስጥ ይህችን ዓረፍተ ነገር ለጓደኞቹ በኩራት ሲያወራ የነበረ አንድ ልጅ ነበር። ያ ልጅ ይህን ጽሑፍ የጻፈው ነው።

ዘንድሮ ለዕረፍት ቤት ስሄድ አባቴን ጠየቅኩት። «አባ፣ ያኔ ለምን ለሽማግሌው ደወለ?» አባቴ እንዴት ይህ ይጠፋሃል በሚል ዓይን አየኝ። ሟቹ የማዶ ሰፈር ሰው፣ የተገኘው ደግሞ በኛ ሰፈር ማሳ ላይ ነው። ወንድሞቹ ከሌላ ሰው ቀድመው ቢሰሙት ኖሮ ፖሊስ ሳይደርስ ጠመንጃ ይዘው ይሻገሩ ነበር። ሽማግሌው ወደ ሚሊሻ ሰው ሲልኩ በዚያው ደቂቃ ወደ ሟች ቤተሰብም ሌሎች ሽማግሌዎች ልከዋል። «ያቺ ስልክ እኮ ናት የሁለተኛ ሰው ደም ያስቀረችው» አለኝ አባቴ። ለሰባት ዓመት የወንጀል ምልክት ናት ብዬ የያዝኳት ጥሪ ሰው ያተረፈች ጥሪ ሆና አገኘኋት።

እንግዲህ ሰው በጭንቅ ጊዜ የሚደውለው ለሚያምነው፣ ቶሎ ይደርስልኛል ለሚለውና ቁጥሩን በቃሉ ለያዘው ነው። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነን፤ የፖሊስ ነፃ የስልክ መስመር ስንት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። 991 ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ነው። የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሆነን እንዲህ ከሆንን የጨፋ ገበሬ ምን ይጠበቅበታል? እንዲያውም እኛ አገር ባምበር እንዳደረገው ጣቢያው ድረስ በቀጥታ መደወል፣ በ033 የሚጀምረውን የመደበኛ ስልክ ቁጥር ከሰው ጠይቆ ማግኘት፣ ወይም የሚያውቁት ፖሊስ ዘንድ በግል ስልኩ መደወል የተለመደ ነው። ኤሴክስ ላይ የሚያስጠረጥረው ከሚሴ ላይ ተራ ነገር ነው። ሎንዶንን በከሚሴ፣ ከሚሴንም በሎንዶን ሚዛን መመዘን አያዋጣም።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሐሳቤን ሰምቶ «እና ጋዜጠኛ አይጠይቅ ነው የምትለው?» ብሎ ተሟገተኝ። የኦስካር ፒስቶሪየስን ጉዳይም አነሣብኝ። ደቡብ አፍሪካዊው ሯጭ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2013 ሌሊት የሴት ጓደኛውን በመታጠቢያ ቤት በር በኩል በአራት ጥይት ተኩሶ ከመታት በኋላ መጀመሪያ የደወለው ለፖሊስ አይደለም፤ ለሚኖርበት ግቢ ኃላፊ ነው። «ይኸው፣ እሱስ ጥፋተኛ ሆኖ አልተገኘም?» አለኝ ጓደኛዬ። ሆኗል። ግን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ነፍስ ገዳይ ነህ ያለው ለማን እንደደወለ አይቶ አይደለም። በተዘጋ በር ላይ አራት ጊዜ ሲተኩስ ከበሩ ኋላ ያለው ሰው ሊሞት እንደሚችል ያውቅ ነበር ብሎ ነው። የስልክ መዝገቡ በችሎቱ ላይ የጠቀመው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ሌሊት ምን ነገር በስንት ሰዓት እንደሆነ ለይቶ ለማስቀመጥ ረድቷል። ይህ ደግሞ ስልክ በሚገባ የሚመሰክርበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ለጓደኛዬ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፤ ይጠየቅ እንጂ! ግን ጥያቄውን እንከፋፍለው። አንደኛ፣ መች ደወለ? ይህ በመዝገብ ይረጋገጣል፤ ዛሬ ጊዜ የሞባይል ጥሪ ዱካ ይተዋል። ሁለተኛ፣ ምን አለ? የሰማው ሰው ይጠየቃል፤ ቃሉ ኋላ ከተገኘው ነገር ጋር ይገጥማል አይገጥምም ተብሎ ይታያል። ሦስተኛ፣ ለምን ለዚያ ሰው ደወለ? ይህኛው ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ራሱ ሰውየው ካልመለሰው ማንም ሊመልስለት አይገባም። ችግሩ እኛ ሦስተኛውን ከሁለቱ አስቀድመን እንጠይቅና መልሱንም ራሳችን እንመልሰዋለን።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 443 በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን እያወቀ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ያላስታወቀን ሰው ያስቀጣል። ማሳወቅ ግዴታ ነው ማለት ነው። በየትኛው ስልክ፣ በማን በኩል የሚለውን ግን አይቆጥርም፤ ጎረቤታችን በሽማግሌና በሚሊሻ በኩል ማሳወቁ ማሳወቅ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት ይሰጠዋል። ፍርድ ቤት ያልቆጠረውን እኛ በርዕስ ስንቆጥረው ይህን መብት በብዕራችን ነጠቅነው ማለት አይደለም?

ይህን የምለው ከሌላው የተሻልኩ ስለሆንኩ አይደለም። አንደኛ ዓመት ሳለን በዜና አጻጻፍ ኮርስ የተሰጠን አሳይመንት ስለ አንድ የፈጠራ ግድያ ዜና መጻፍ ነበር። እኔ የጻፍኩት መግቢያ «ተጠርጣሪው ስልክ በእጁ ይዞ ለፖሊስ አለመደወሉ በግድያው እጁ እንዳለበት አመላክቷል» የሚል ነበር። ጥሩ ማርክ አገኘሁበት። ዛሬ ወረቀቱን አውጥቼ ሳየው «አመላክቷል» የምትለዋ ቃል ታሳፍረኛለች። ለማን አመላከተች? ማን አለ? እንዲህ ብጽፈው ኖሮ ምን ነበረበት፤ «ተጠርጣሪው አስከሬኑን ካገኘ በኋላ መጀመሪያ የደወለው ለአካባቢ ሽማግሌ መሆኑን ፖሊስ ገልጿል። ተጠርጣሪው የፖሊስን ቁጥር እንደማያውቅ ተናግሯል።» ያው ጥያቄ አለ፤ አንባቢው ይጠይቃል፤ የሰውየውም መልስ አለ። የጎደለው የኔ ፍርድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቢጎድል አይጎዳም።

ሳይጣራ ወሬ፣ ሳይገደል ጎፈሬ ይላሉ አባቶቻችን። የገበያ ወሬ ባለቤት የለውም፤ ተነሥቶም ይጠፋል ይባላል፤ ጎረቤታችን ላይ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ አልጠፋም። የኛ ወሬ በስማችን ታትሞ የሚቀመጥ ሲሆንስ?

በሚቀጥለው ዕረፍት ቤት ስሄድ ከጎረቤታችን ጋር ሽንኩርቱን ተሸክሜ ገበያ ለመውጣት አስቤያለሁ። እሺ ካለኝ። ይቅርታ የምለውም መንገድ ላይ ነው። እስከዚያው ግን ክላስ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉዳይ ዳግም ሲነሣ እጃችንን ከማውጣታችን በፊት አንዲት ጥያቄ ለራሳችን እናንሣ፤ በዚያ ሌሊት፣ በዚያ ቦታ፣ እኔ ብሆን ለማን እደውል ነበር?